ያልተንኳኳው ዛፍ

መጋቢት 4

ጋሼ ሸምበቆ፣

የላክኸውን ብጣሽ ወረቀት እህትህ ትናንት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቃ ሰጠችኝ። አድራሻህን የነገረችኝ በብዙ ልመና ነውና አትቆጣት። ከለቅሶው ማግስት ጀምሮ ስደውልልህ ነበር። አሁን ስልክህን የሚያነሳው አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ቀፎውን ከነቁጥሩ ሸጥህለት መሰለኝ። "ሸምበቆ የሚባል ሰው አላውቅም፣ ዳቦ ከፈለግህ ግን ና" አለኝ።

"እማማ እንዴት ናት?" ብለህ ጠይቀሃል፤ ሌላ ምንም አልጠየቅህም። ደህና ናት። ሥራዋን አላቋረጠችም። እንደ ድሮው ማታ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትገባለች፣ ጠዋት እሷ ስትመለስ እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ እንተላለፋለን። የተለወጠው የምትተኛበት ቦታ ነው። ወንድሜን ከቀበርን በኋላ የራሷን አልጋ ትታ የጓሮውን ክፍል፣ የእሱን ክፍል ያዘች። ቀን ቀን እዚያ ነው የምትተኛው፣ በእሱ አልጋ፣ በእሱ ብርድ ልብስ። ሌሊቱን ሙሉ የሰው አንሶላ የምታጥብ ሴት የእሱን አንሶላ ውኃ አላስነካችውም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ዛፉ ነው። ከጓሮው ክፍል ጀርባ ያለው ጥድ ወደ ቤቱ እየመጣ ነው። እያጋነንኩ አይደለም። በጣሪያው ጠርዝና በግንዱ መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ እለካለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሠላሳ አንድ ሳንቲሜትር ነበር። ዛሬ ሃያ ስምንት ነው። በአጥሩ በኩል ደግሞ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ማስመሪያዬን ብሰድበት እስከ ጫፉ ዋጠው። ከግንዱ ሥር ትንባሆ የመሰለ ዱቄት ይረግፋል።

ማዘጋጃ ቤት ዛፍ ክፍል ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ስትፈልግ ቆየችና ደንቡን በቃሌ እስክይዘው አስረዳችኝ። ዙሪያው በደረት ከፍታ ሲለካ ከሜትር ከሃያ የሚበልጥ ዛፍ፣ በግል ግቢ ውስጥም ቢሆን፣ ይመዘገባል፣ ቁጥር ይታሰርበታል። ከዚያ በኋላ እሱን መቁረጥ ቀርቶ ክንድ የሚያክል ቅርንጫፍ መመልመል እንኳ ያለ ፈቃድ አይቻልም። "ግቢው እኮ የእኛ ነው" አልኳት። "ግቢውማ የእናንተ ነው፤ ዛፉ ግን መዝገብ ላይ ነው" አለችኝ።

መዝገቡን አወጣችው። ቁጥር 212። ጤነኛ። ግንዱን በመዶሻ እያንኳኳ የመረመረው ወንድሜ፣ የጻፍከው አንተ። ሁለታችሁም ፈርማችኋል። ጤነኛ የተባለ ዛፍ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ዳግም አይመረመርም፣ የእኛ ደግሞ ገና አንድ ዓመት ተኩል ይቀረዋል። ከዚያ በፊት የሚታየው ከሁለቱ ፈራሚዎች አንዱ "ምርመራው ጉድለት ነበረበት" ብሎ በእጁ ጽፎ ካመለከተ ብቻ ነው። አንደኛው ፈራሚ ከጡረተኛዋ መምህርት ዛፍ ላይ ወድቆ ሞቷል። የቀረኸው አንተ ነህ።

ስለዚህ አንድ ነገር ንገረኝ። ወንድሜ የእኛን ዛፍ ሲያንኳኳው ምን ዓይነት ድምፅ ሰጠ? እኔ በድንጋይ መትቼው ዱም አለ። ዱም ማለት ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም።

የአለቃህ ታናሽ

---

መጋቢት 21

ለደብተር፣

አለቃ አንተን "ደብተር" ሲል እየሰማሁ ኖሬ ስምህ አፌ ላይ አልመጣ አለኝ፣ ይቅርታ። ዘግይቼም ስለጻፍኩ ይቅርታ። ጤናህ እንዴት ነው? ትምህርት እንዴት ነው? እማማን ሳምልኝ። አይ ተወው፣ ከእኔ ነው አትበላት።

እኔ አሁን የሲሚንቶ መጋዘን ዘበኛ ነኝ። ልብሴም ምሳዬም ሲሚንቶ ነው፤ ዝናብ ከመታኝ እዚሁ ሐውልት ሆኜ እቀራለሁ። ግቢው ውስጥ አንድም ዛፍ የለም። ስቀጠር መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።

ስለ ጥዱ አትጨነቅ። ጥድ ማዘንበል ልማዱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አዘንብሎ የሚኖር አለ። መሬትም በበጋ ይሰነጠቃል። ማስመሪያህን ወደ ሒሳብ ደብተርህ መልሰው።

ድምፁን ጠይቀኸኛል። አላስታውስም። በቀን አርባ ዛፍ ነበር የምናየው፤ የትኛው ምን እንዳለ ማን ይይዘዋል? ጆሮ የእሱ ነበር፣ እኔ እስክሪብቶ ነው የያዝኩት።

እማማን ግን ወደ ራሷ ክፍል ብትመልሳት ደስ ይለኛል። ለዛፉ ብዬ አይደለም። የጓሮ ክፍል ብርድ አለው።

ሸምበቆ

---

ሚያዝያ 3

ጋሼ ሸምበቆ፣

ብርድ አልከኝ። ደብዳቤህን ሰባት ጊዜ አንብቤ እዚያች ቃል ላይ ነው የምቆመው። የጓሮው ክፍል ከቤታችን ሁሉ የሚሞቀው ነው። ካርታ ልትጫወቱ ስትቀመጡ ሸሚዝህን አውልቀህ በር ላይ የምትሰቅለው አንተ ነበርክ። ወንድሜ "የጎድን አጥንቱን ቁጠሩና ትምህርት ይሁናችሁ" እያለ ሲስቅብህ አስታውሳለሁ።

በፖስታው ጀርባ በእርሳስ ጽፈህ ያጠፋሃትን ጥያቄ መስኮት ላይ ይዤ አነበብኳት። አይ፣ እማማ ወንድሜ ሲወድቅ የታሰረበትን ገመድ ማን እንደያዘ ጠይቃኝ አታውቅም።

አሁን ሃያ አራት ሳንቲሜትር ነው። በጋ ነው ብዬ እንዳልጽናና ሁለት ጊዜ ዘንቧል፣ ስንጥቁ ግን አልተዘጋም። ሰኞ የጓሮው ክፍል በር አልከፈት አለ። እማማ ከውስጥ እኔ ከውጭ ሆነን በትከሻ ገፋነው። የበሩ ጉበን ጎብጧል። "እማዬ፣ ዛፉ ግድግዳውን እየገፋው ነው" አልኳት።

"እርጥበት ነው።"

"ወደ ክፍልሽ ተመለሺ። እባክሽ፣ እስኪጣራ ብቻ።"

"ምኑ ነው የሚጣራው? ልጄ ጤነኛ ብሎ ፈርሞበታል። አንተ ከእሱ ልትበልጥ ነው? አንተ እንኳን ዛፍ፣ ወጥ መበላሸቱን በአፍንጫህ መለየት አትችልም።"

ተኝታ የምትውለው በፊርማው ሥር ነው ጋሼ። ቀና ስትል በመስኮቱ በኩል የምታየው እሱ ያሰረውን የቁጥር ቆርቆሮ ነው። እሱን እያየች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት።

ቆርቆሮውን ካነሳሁ አይቀር፣ ሰፈሩን ዞሬ ተመለከትኩ። የሌላው ሰው ሁሉ ግንዱ ላይ በሚስማር የተመታ ነው። የእኛ ብቻ በሽቦ ታስሯል። ለምን?

ባዮሎጂ አስተማሪያችንን ስለ ዛፍ ጠየቅሁት፤ "ለፈተና አይመጣም" አለኝ።

---

ሚያዝያ 20

ጋሼ፣

መልስ አልላክህልኝም። ምናልባት ፖስታ ቤቱ ነው ብዬ አሥር ቀን ጠበቅሁ። ፖስታ ቤቱ አይደለም።

ሃያ አንድ ሳንቲሜትር። ከሥሩ እንጉዳይ በቅሏል፣ ነጭ፣ የሰው ጆሮ የሚያክል። ወፎቹ ሄደዋል፤ የሄዱበትን ቀን አላየሁም፣ ዛፉ ዝም ሲል ነው ያወቅሁት። አልጋ እንቀያየር፣ እኔ እዚያ ልተኛ ብዬ እማማን ለመንኳት። "እሱ ያንተ ወንድም ብቻ ነበር፣ የእኔ ግን ልጄ ነው" አለችኝና ዞራ ተኛች። ክረምቱ ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።

ስለ ገመዱ አልጠይቅህም። ስለ ቆርቆሮውም ተወው። አንድ ቃል ብቻ ላክልኝ። ተንኳኳ ወይስ አልተንኳኳም?

---

ሚያዝያ 29

ደብተር፣

አልተንኳኳም።

ይህችኑ ብቻ ልኬ ፖስታውን ላሽገው ነበር። ከዚያ ሌላውንም ከእኔ ቢሰማው ይሻላል ብዬ መልሼ ተቀመጥኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። አንዱ ያንኳኳል፣ አንዱ ይጽፋል። አንኳኪው በእንጨት መዶሻ ከጉልበት ጀምሮ እጁ እስከሚደርስበት ድረስ ግንዱን እየዞረ ይመታል፣ ጆሮውን ይለጥፋል። ጤነኛ ግንድ መዶሻውን ይመልሰዋል፤ ውስጡ የበሰበሰ ይውጠዋል። አለቃ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማው። ዛፍ ክፍሉ ውስጥ ከእሱ የተሻለ ጆሮ አልነበረም።

የዚያን ቀን የእናንተ ሰፈር ደረሰን። አንኳኪ በገዛ ሰፈሩ አይመደብ የሚል አንቀጽ ያኔ አልነበረም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ አስገባኝ፣ ጓሮ ዞርን፣ መዶሻውን አነሳና መልሶ አወረደው።

"እማማ ተኝታለች" አለኝ በሹክሹክታ። "አሁን ነው ከሥራ የገባችው። ይህን ከደበደብኩ ብትነሳ መልሶ አይወስዳትም።"

"ታዲያ ከሰዓት እንመለሳ" አልኩት።

ሳቀብኝ። "ምን ያመላልሰናል? እዚህ ዛፍ ላይ ነው ያደግኩት። ከአንተ አብልጬ አውቀዋለሁ። ጤነኛ ብለህ ጻፍ።"

ጻፍኩ። ቆርቆሮውንም በሽቦ ያሰረው ለዚሁ ነው፤ ሚስማር ይጮኻል።

ከእናንተ በኋላ አሥራ ሰባት ግቢ ይቀረን ነበር። እንዴት እንደምልህ አላውቅም፣ አንዴ ሳናንኳኳ ከጻፍን በኋላ እጃችን ቀለለ። እሱም መዶሻውን አላነሳው፣ እኔም አላስታወስኩት። አሥራ ሰባቱንም በዓይናችን አይተን ጤነኛ አልናቸው። አሥራ አንደኛው የጡረተኛዋ መምህርት ዛፍ ነው። በዓመቱ ቅርንጫፍ እንድንመለምልላት ስትጠራን አለቃ መዝገቡን ገልጦ የራሱን ፊርማ አየ፣ ጤነኛ ይላል፣ አምኖት ወጣ። ገመዱ አልተበጠሰም ደብተር። እጄ ላይ ነበር። የተቆረጠው ግንዱ ነው።

ለክፍሉ የምትሰጠው ደብዳቤ አብሮ አለ። የአሥራ ስምንቱን ግቢ ዝርዝር በተራ አስቀምጫለሁ፣ ሁሉንም እንደሆነው ጽፌአለሁ፣ እማማ ተኝታ እንደነበረም ጭምር። የሙያ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ይንጠቁኝ።

ሸምበቆ

---

ግንቦት 8

ጋሼ ሸምበቆ፣

አዎ፣ ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም። አንተን ይዤ እጀምርና ወንድሜ ላይ እደርሳለሁ፣ ከዚያ እማማ ተኝታ ትታየኛለች፣ እዚያ ስደርስ እተወዋለሁ።

ደብዳቤህን ለክፍሉ አልሰጠሁም። ለካ በደንቡ መሠረት የፈራሚው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ባለይዞታዋ እማማም አንብባው ከሥሩ መፈረም አለባት። አራተኛው መስመር ላይ "እናቱ ከሥራ ገብታ ተኝታ ስለነበረ" ብለሃል። ይህን ነው አንብበሽ ፈርሚ የምላት? የሚቀጥለው ገጽ ላይ ደግሞ ዝርዝሩ አለ፣ ከእኛ በኋላ አሥራ አንደኛው የማን ዛፍ እንደሆነ ለእሷ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም።

መልሰህ ጻፍልኝ። አልተንኳኳም በል፣ ለምን እንደሆነ አትበል። የእኛን ቤት ለብቻው ጻፈው። የአሥራ ሰባቱን ዝርዝር ራስህ በቀጥታ ለክፍሉ ላክ፤ እዚያም ቤቶች ውስጥ ሰው ይተኛል።

አሥራ ስምንት ሳንቲሜትር። ፍጠን።

---

ግንቦት 17

ደብተር፣

ያልከኝን አድርጌአለሁ። አዲሱ ይኸው፣ ሦስት መስመር ነው። ዝርዝሩን ለክፍሉ በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ።

እንዲህ ባደርገው ይሻላል ብለሃል፣ እናትህን የምታውቃት አንተ ነህ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ምክንያት የሌለው ወረቀት የውሸት ይመስላል። የመጀመሪያውን አትቅደደው።

ትመጣለህ ብለህ ጠብቀህ እንደሆነ፣ አልመጣም። በመምህርቷ ቤት በኩል ማለፍ አልችልም።

---

ሰኔ 2

ጋሼ ሸምበቆ፣

ፈረመች። እንዴት እንደፈረመች ብነግርህ ግን ባልፈረመች ትላለህ።

ሦስቱን መስመር አነበብኩላት። እጇ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጠች። "ለምን አላንኳኩትም ይላል?"

"አይልም።"

"አይልም! ልጄ ሥራ ዘሎ አያውቅም። ምክንያቱን ያልጻፈው ስለሌለው ነው። ማን ነው የጻፈው? ያ ሸምበቆ ነው አይደል? ገመድ ይዞ ልጄን ጣለው፣ አሁን ደግሞ ስሙን ሊጥል ነው።"

ገመዱን ማን እንደያዘ ታውቅ ነበር ጋሼ። ያልጠየቀችኝ ስለምታውቅ ነው።

እስክሪብቶውን ነጥቃኝ ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭና ፈረመች። "ይምጡ፣ ያንኳኩ። የልጄን ልክነት በጆሯቸው ይስሙ።"

ሐሙስ ጠዋት መጡ፣ አንድ ሽማግሌ አንኳኪና አንድ ጸሐፊ። እማማ የሥራ ጋውኗን ሳታወልቅ ጓሮ በር ላይ ቆመች። ሽማግሌው ጉልበት ላይ ጀመረ። ዋጠው። አንድ እርምጃ ዞረ፣ ዋጠው። በአራተኛው ምት እጁን ሰብስቦ ወደኋላ ሄደና "ሰው ይተኛበታል?" አለ፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ዛፉ እንዳይሰማው የፈራ ይመስል። እማማ "ግንድ ሲመታ ምን እንዲል ትፈልጋለህ፣ እንዲዘፍን?" ብላው ገባች።

ፈቃዱ በማግስቱ ተሰጠ። ይቆረጥ። ግን ውስጡ የበሰበሰ ዛፍ ላይ ሰው አይወጣም የሚል አዲስ አንቀጽ ገብቷል። ጸሐፊዋ "የወንድምህ አንቀጽ" ነው የምትለው፣ በክፋት አይደለም። ሰው ካልወጣ በክሬን ነው የሚወርደው፣ ክሬኑ ደግሞ አራት ሜትር መንገድ ይፈልጋል። የእኛን መንገድ ታውቀዋለህ፤ አልጋ ስንገዛ በቁሙ ነው ያስገባነው። ስለዚህ ሌላ ዘዴ እስኪገኝ ቤቱ ውስጥ ማንም እንዳይገባ አሉ። በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፉ። ከሰው ጠብቀውት ከኖሩት ዛፍ አሁን ሰውን እየጠበቁ ነው።

አክስቴ ቤት ነን። ልጆቿን እንደ ክብሪት እንጨት አንድ አልጋ ላይ ደርድራ ለእማማ ቦታ አስለቀቀችላት። እኔ ከትምህርት ቤት በዚያ አልፌ በአጥሩ ቀዳዳ አየዋለሁ። አሥራ አራት ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ በዓይን። ስገባ እማማ "ወደቀ?" ትለኛለች። "አልወደቀም" እላለሁ። "እንዴት ብሎ ይወድቃል" ትለኛለች፣ እንደ ሌባ እያየችኝ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለሌላ ሰው አልናገረውም። እንዲወድቅ እየተመኘሁ ነው። ቢወድቅ ወንድሜ ተሳስቷል ማለት ነው። ባይወድቅ ደግሞ እኔ ነኝ እናቴን ከልጇ ክፍል በወረቀት ያስወጣኋት። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማዳምጠው ንፋስ አለ ወይ ብዬ ነው።

ፈቃድህን ሰርዘዋል። መጥተህ እንድትፈርም ጸሐፊዋ ነግራኛለች።

---

ሰኔ 20

ጋሼ ሸምበቆ፣

"ነገርካት ወይ?" ብለሃል። ነገርኳት።

ማክሰኞ ፈተናው ቶሎ አለቀና አራት ሰዓት ላይ በቤታችን በኩል አለፍኩ። ቀዩ ወረቀት በሩ ላይ የለም። ሳይቀደድ በጥንቃቄ ተልጦ ከውስጥ በኩል ተለጥፏል። ለካ አክስቴ እማማ ትርፍ ሰዓት የምትሠራ መስሏት ነበር፤ እሷ ግን ከሥራ በቀጥታ እዚህ ነው የምትመጣው። ጫማዋን የጓሮው ክፍል ደፍ ላይ ጥንድ አድርጋ አስቀምጣለች። ንፋስ ነበር። ግንዱ ጣሪያውን እየነካ ቆርቆሮው ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ይላል። በሥሩ ተኝታለች፣ አፏን ከፍታ፣ እንደ ሕፃን።

"እማዬ ተነሺ።"

"አንተ ፈተና የለህም እንዴ?"

"ተነሺ እንውጣ፣ እየነካው ነው።"

"ይንካው። ልጄ ጤነኛ ነው ብሏል፣ ይኸው ክረምቱም ገባ፣ ቆሟል።"

"አላንኳኳውም እማዬ።"

"ያ ሸምበቆህ..."

"አንቺ ተኝተሽ ነበር። እንዳይቀሰቅስሽ ብሎ ነው።"

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ከዚያ "ምን አለ? እሱ ያለውን ንገረኝ፣ ቃሉን" አለችኝ።

"'አሁን ነው ከሥራ የገባችው፣ ብትነሳ መልሶ አይወስዳትም' አለ።"

ፈገግ አለች። እውነቴን ነው ጋሼ፣ ፈገግ አለች። "የእሱ ነገር" አለች። ድምፁን የሰማች ያህል ነበር። ስንት ወር ሙሉ ስለ እሱ አዲስ ነገር የነገራት ሰው አልነበረም። ከዚያ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ዓይኗ ሌላ ሆነ። ተነሳች፣ ብርድ ልብሱን አጠፈች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ወጣች። ምንም አልያዘችም።

መንገድ ላይ "ከእኛ ቤት ወጥተው ወዴት ሄዱ?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

በማግስቱ ዛፍ ክፍል ሄደች። አንተ የላክኸውን ዝርዝር ሰው ሁሉ እንዲያየው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈውታል፣ በተራው። ጸሐፊዋ ናት የነገረችኝ። "እናትህ ጣቷን ከእናንተ ቀጥሎ ያለው ግቢ ላይ አድርጋ ወደ ታች እየቆጠረች ሄደች፣ አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ወንበር ባመጣላትም አልተቀመጠችም" አለችኝ። ማታ ሥራዋን ገባች።

ዛፉ ቅዳሜ ወደቀ። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው፣ እሷ ተኝታ የምትሆንበት ሰዓት። የጓሮው ክፍል የለም። አልጋውን ከግንዱ ሥር መለየት አልቻልኩም። ሮጬ አክስቴ ቤት ገብቼ "ወደቀ" አልኳት። ሳትጠይቀኝ ነው የነገርኳት፣ ከሐሙስ ጀምሮ መጠየቅ ትታለች። አንገቷን ነቀነቀች፣ እንደምታውቀው ነገር።

ተርፋለች። አንተም እኔም የፈለግነው ይኸው ነበር። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀን አትተኛም ጋሼ። ከሥራ ትመጣለች፣ የአክስቴን በር ወለል አድርጋ ትከፍታለች፣ ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ማታ እስክትወጣ ድረስ። ዓይኗ ደም መስሏል። አክስቴ እያባበለች፣ እየተቆጣች፣ እያለቀሰች ሞከረች። ትናንት እኔ አልጋዋን አነጠፍኩ፣ መጋረጃውን ጋረድኩ፣ ልጆቹን ወደ ውጭ አባረርኩና እጇን ይዤ "ትንሽ ጋደም በይ፣ ማንም አይረብሽሽም" አልኳት።

ዓይኗን ከበሩ አላነሳችም።

"ተኝቼ ሰው ቢመጣስ?" አለችኝ። "እንዳልቀሰቅሳት ብሎ ቢመለስስ?"